ሽቅብ የሚመስለው ቦይ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰዓት እላፊ መካኒሳን ገና በጊዜ በየቤቱ በሚከትትበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ የግቢያችን ልጆች ማምሻውን ወደ አባባ ሽብሩ ክፍል እንጎርፍ ነበር። አባባ ሽብሩ በጉብዝናቸው ወራት መሬት እየለኩ፣ የቦይ መንገድ እየቀየሱ፣ በወንዝ ጉልበት የሚዞር ወፍጮ ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸው። መብራት ሲጠፋ ኩራዟ ትለኮሳለች፤ የከሰሉ ፍም ፊታቸውን ከሥር ያቀላዋል፤ ያኔ የሕይወታቸው ታሪክ ልባችንን ያስዘልለው ነበር።

ባለቤታቸው እማማ ብርቄ ምስር እየለቀሙ፣ «ዛሬ ደግሞ ቦዩን ስንት ክንድ ታስረዝመዋለህ?» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን አይበገሩም።

ቦዩ የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። መሣሪያቸው ቀጥ ያለ ጣውላና በላዩ የተጋደመ፣ ጥቂት አየር ብቻ የቀረበት የውሃ ጠርሙስ ነው፤ አየሯ መሐል ላይ ስትቆም ጣውላው ልክ ነው። በዚህ ውሃ ልክ እየተመሩ ከወንዙ እስከ ወፍጮው ቤት ቦይ አስቆፈሩ። ተቆፍሮ ሲያልቅ ግን ቦዩ ለዓይን ሽቅብ የሚወጣ መሰለ። ቆፋሪዎቹ ሳቁ፤ እህል ተሸክመው የመጡት ሴቶች አጉረመረሙ፤ ባለመሬቱም ውሃው ካልደረሰ ሽብሩ በዚያ አገር ዳግመኛ ጣውላ ይዞ እንዳይታይ ፈረደ።

ውሃው ከላይ ሲለቀቅ አባባ ሽብሩ በደረቁ ቦይ ውስጥ፣ ወፍጮው አጠገብ፣ በጀርባቸው ተጋደሙ። እዚህ ሲደርሱ ትንፋሻችንን እንውጣለን። መጀመሪያ ጉንዳኖች እየተሯሯጡ መጡ፤ ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል የተሸከመ አረፋ፤ ከዚያ ቅዝቃዜ ማጅራታቸውን ነካው። የወፍጮው መዘውር አቃሰተ፣ ዞረ! እኛም ዘለን አጨበጨብን።

አንድ ምሽት ታዲያ የታሪኩ ግለት አላስችል ብሎኝ፣ እንደ እርስዎ ያለ ደፋር የለም አልኳቸው። እማማ ብርቄ ከምስሩ ቀና አሉ።

«ፈርቶ ነው የተኛው፣ ልጄ። እህሌን ይዤ እዚያው ነበርኩ፤ ጉልበቱ ሲብረከረክ አይቻለሁ።»

አባባ ሽብሩ ፍሙን ቆስቁሰው ሳቁ።

«እውነቷን ነው፤ መቆም አቅቶኝ ነው። ልኬቱን ግን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።»

ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እማማ ብርቄ ጀግናዬን የነጠቁኝ መስሎኝ። ዛሬ አባባ ሽብሩ ይተርኩልን የነበረው የመዘውሩ ድምፅ ከትዝታዬ ደብዝዟል። ጉልበቴ በከዳኝ ቁጥር ግን ፍርሃቴን አልጠይቀውም፤ ልኬቴን መድገሜን ብቻ እጠይቃለሁ፤ ከደገምኩም እንደ እሳቸው ተጋድሜ ውሃውን እጠብቃለሁ።