ከዝይዋ ኋላ

አጎቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሐይቅ ዳር ተንበርክኮ ዝይና ዳክዬ ፎቶ ማንሳት ሆነ። «የወፍ ዓይን ካልጠራ ፎቶ አይባልም» ይላል፤ ሌላው ቢደበዝዝ ደንታው አይደለም። ሚስቱ ወንበሩንና ፔርሙሱን ተሸክማ ትከተለው ነበር። «እኔንስ መቼ ነው የምታነሳኝ?» ስትለው፣ «አንቺ የት ትሄጃለሽ? የምትበረው ወፏ ናት» ይላታል፤ እሱ እቴ!

ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ድንገት አረፈች። ለቀብሯ የሚሆን ፎቶ ጠፋ። ሴት ልጁ ኮምፒውተሩን ስትበረብር ውላ አንድ ብቻ አገኘች፤ ከአንዲት ነጭ ዝይ ኋላ፣ ፔርሙስ ያቀፈች፣ ጉም የመሰለች ሴት።

«አባዬ፣ የእማዬ ፊት እኮ አይለይም።»

አጎቴ መነጽሩን አድርጎ አየ።

«የዝይዋ ዓይን ግን ጠርቷል» አለ።

ልቆጣው ቀና ስል፣ በእጅጌው ስክሪኑን፣ እሷ ያለችበትን ቦታ ብቻ፣ ደጋግሞ ይወለውላል።