የሁለቱ ወንድማማቾች ድንጋይ

በቤተ ሙከራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እመት ስስ» ነው የሚሏት። ሥራዋ የድንጋይ ናሙና ወቅጦ ማላምና ዱቄቱን በፕላስተር ላይ መቀባት ነው። ኤክስሬይ አልፎበት እንዲወጣ ዱቄቱ ስስ መሆን አለበትና፣ «ስስ አድርጉት! ግድግዳ እየለሰናችሁ ነው እንዴ?» እያለች ተመራማሪዎቹን ቁም ስቅላቸውን ታሳያቸዋለች። እነሱም ይወዷታል፤ ምን ምርጫ አላቸው!

አንድ ቀን ታዲያ ከቦርሳዋ የራሷን ድንጋይ አወጣች። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። አባቷና አጎቷ ድንጋይ ፈልጠው በሚያድሩበት ዘመን አብረው ያገኙት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በእሱ ሲጨቃጨቁ አርጅተዋል። አጎት «አረንጓዴው መዳብ ነው» ይላሉ። አባት ደግሞ «ሁለቱም ያው ብረት ነው፤ ቀዩ የዛገው ነው» ባይ ናቸው። ግን ታናሽ ናቸውና ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ታላቅየው «ዝም በል፣ አንተ ልጅ!» ይሏቸዋል። ልጅ የተባሉት ሰውዬ የልጅ ልጅ አይተዋል።

በቀደም አጎት ብው ብለው «ልክ ከሆንክ እኔው አንተን ጋሼ እልሃለሁ!» ብለው ማሉ። እሷ አባቷ አንድ ቀን እንኳ ሲደመጡ ማየት ትፈልጋለች። አጎት ልክ ከሆኑ ግን፣ አባቷን እስከ ወዲያኛው ዝም የምታሰኛቸው ራሷ ናት። ፈርታለች።

ቢሆንም ከቀዩም ከአረንጓዴውም ፈልጣ ለየብቻ ወቅጣ ቀባች፤ የማሽኑ ኃላፊም ጨረሩን ለቀቀ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ የሚረባ ነገር የለም። ናሙናውን አውጥቶ አየና ሳቅ አፈነው።

«እመት ስስ፣ ግድግዳ እየለሰንሽ ነው እንዴ?»

ለአባቷ ብላ እጇ ሰፍቶ ከምራዋለች፤ ጨረሩ በየት ይለፍ! ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም እየሳቀች ጠራርጋ እንደገና ቀባች፣ አሁን ስስ አድርጋ።

እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ጨረሩን የሚውጥበት የጉልበት መጠን የራሱ ነውና፣ መጀመሪያ በአረንጓዴው ውስጥ መዳብ የሚውጥበትን ቦታ ፈተሹ፤ መስመሩ ለጥ ያለ ሜዳ ሆነ። ብረት የሚውጥበት ቦታ ሲደርሱ ግን እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ወጣ። ቀዩን አስገቡ። ያው ገደል፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ብቻ።

«ሁለቱም ብረት ነው» አለ ኃላፊው። «ቀዩ ኤሌክትሮን ስለጎደለው ነው ገደሉ የተገፋው። ከገደሉ ወዲያ ያሉት ሞገዶች ደግሞ ጎረቤቶቹን ያሳያሉ፤ ዙሪያውን የከበበው ኦክስጅን ነው። ዝገት ማለት ይኸው ነውና፣ አባትሽ የዛገው ያሉት እውነታቸውን ነው።»

ጮቤ ረገጠች። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ አባቷ ቤት ሄዳ ለአጎቷ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። አባት መነጽራቸውን ደጋግመው ይጠርጋሉ።

«እሺ» አሉ አጎት በመጨረሻ። «ጋሼን አገናኚኝ።»

«ማንን?» አለች፣ ሆን ብላ።

«ጋሼን ነው ያልኩሽ! ደግሞ አትሳቂ!»

ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

«ጋሼ?» አሉ አጎት።

ዕድሜ ልክ የለመደ አፍ ነውና፣ አባት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «አቤት፣ ጋሼ!» አሉ።