ሳልመልስ ያሳደርኩት መልእክት

የፖሊስ ጣቢያችንን የፌስቡክ ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጣቢያው ከሶዶ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ «የሕዝብ ግንኙነት» ይባላል፤ እኔና ሕዝቡ ግን ከስልክ ውጭ ብዙም አንገናኝም። ጠዋት ገብቼ የጠፋ መታወቂያ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ በሬ፣ ጎርፍ የቆረጠው መንገድ እለጥፋለሁ። ሰው ያነባል፣ «እናመሰግናለን» ይላል። ገበያ ስወጣ ግን ያ የሚያመሰግኑት ሰው እኔ መሆኔን የሚያውቅ የለም፤ ቲማቲም መርጬ ዝም ብዬ እመለሳለሁ።

የቡታጅራ ልጅ ነኝ። እዚህ የተመደብኩት ክልሉ ገና አንድ ሳለ ነው። ክልሉ ሲከፈል አብረውኝ የመጡት ወደየአገራቸው ተዛወሩ፤ እኔ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። ወላይትኛ ሰላምታውንና የገበያውን ያህል አውቃለሁ። «ሳሮ» ስል ሰው ደስ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወሬ ግን ጥሎኝ ይሄዳል። ባልደረቦቼ ሲቀልዱ እኔ የምስቀው ሁሉም ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ማንነቱ ያልታወቀ ሟች ሲገኝም ማስታወቂያው የሚወጣው በዚሁ ገጽ ነው። በዚህ የተነሳ ሰዉ ፎቶ ካየ ጽሑፉን ሳያነብ «ነፍስ ይማር» ማለት ለምዷል። አዛዣችን ማዕረግ ያገኙ ዕለት ፎቷቸውን ብለጥፍ፣ አንዱ «ነፍስ ይማር፤ ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ ጻፈ። አዛዡ አንብበው «ደግ መባሌን ለመስማት መሞት ነበረብኝ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ እንደሚያስለቅስ ያወቅኩት አንድ ሽማግሌ ጣቢያችን የመጡ ሳምንት ነው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ባጃጅ ነጂ ከመናኸሪያ ይዟቸው መጣ። ከአውቶቡስ ወርደው ቆመው ቀርተዋል፤ ከየት እንደመጡ ጠፍቷቸዋል። ኮታቸው ያረጀ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ ከዘራቸውን አይለቁም። አማርኛቸው ወታደር ቤት የተማሩት ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ትእዛዝ ትእዛዝ የሚል። ፎቶ ሳነሳቸው ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ስለነበር ጨፍነው ወጡ። ሁለተኛ ላንሳ ስላቸው «በቃ!» አሉኝ። እኔም ስንፍናዬ አይጣል ነውና፣ የቆየ ማስታወቂያ ቀድቼ «ማንነታቸው ያልታወቀ አዛውንት ጣቢያችን ስለሚገኙ ቤተሰብ ቀርቦ እንዲያነጋግረን» ብዬ ለጠፍኩት።

ጣቢያው ውስጥ ከእስረኛ ክፍል በቀር ማደሪያ ስለሌለ፣ አዛዡን አስፈቅጄ ወደ ተከራየሁት ክፍል ወሰድኳቸው። አልጋዬን ለቀቅኩላቸው። ጠዋት ብርድ ልብሱን እንዴት እንደማጥፍ አይተው «ይሄ ወታደር ነው?» ብለው አስፈትተው እንደገና አሳጠፉኝ። ቀን ቀን ጣቢያ አብረውኝ ይውላሉ። ምሳ ጎረቤት ካለችው ሴትዮ ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ሥራ ሥር በዳጣ አመጣለሁ፣ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ገፋ አድርገን እንበላለን። ዳጣው ሲያቃጥለኝ ይስቁብኛል።

በየምግቡ መሃል «አንተ ልጅ፣ ሚስትህ የት ሄደች?» ይሉኛል። የለችኝም እላለሁ። «ለምን?» ይላሉ። ቆይተው ሲረሱት እንደገና ይጠይቃሉ። በሁለት ቀን ስድስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ስድስቱንም ጊዜ መልሱን አሳምሬ መለስኩ። በዚህ ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ እኔ ያን ያህል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ፤ አላፍርበትም።

የማፍረው በረቡዕ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ገጹ መልእክት ተቀበለ። ሃላሌ ከምትባል ከተማ የተላከ ነው። «ሰላም። ፎቶው ላይ ያሉት አያቴ ናቸው። ደህና ናቸው?» ይላል። የጣቢያው ስልክ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ሰውየው መልስ የሚያገኘው ከእኔ ብቻ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አጠፋሁት። አሁን ብመልስ ከሰዓት መጥተው ይወስዷቸዋል፤ ከምሳ በኋላ እመልሳለሁ አልኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይመሽባቸዋል፣ ነገ ጠዋት ይሻላል አልኩ። ለእነሱ ያሰብኩ አስመስዬ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት።

ሐሙስ ጠዋት እንደገባሁ «ደህና ናቸው፤ መጥታችሁ ውሰዷቸው» ብዬ ላክሁ። የከፈተው የለም። ረፋድ ላይ አንድ ሚኒባስ ግቢው በር ላይ ቆመና ለቅሶ ሰማሁ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ጋቢ ያደረጉ ሽማግሌዎች ወረዱ። አስከሬን ሊረከቡ ነው የመጡት።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የኔ ዝምታ ግን መርዶ ሆኖ ነበር። በአገራችን ሞት በስልክ አይነገርም፤ የሚያውቀው ሰው አፉን ይይዛል፣ ሽማግሌዎች ይሰባሰባሉ፣ ጎህ ሲቀድ ሄደው ያረዳሉ። የልጅ ልጁ መልእክቱ መታየቱን አይቷል፣ መልስ የለም። ፎቶው ላይ ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተደርድሯል። ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። እነሱም ፖሊስ በስልክ ሊያረዳ አልፈለገም፣ ወግ ያውቃል አሉ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሴት ልጃቸውን አረዷት።

ሽማግሌው ጩኸቱን ሰምተው ከቢሮዬ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። «ማነው የሞተው?» አሉ። ልጃቸው ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አንዷ እልል አለች፣ ሁሉም ተቀበሉ። ሽማግሌው ማን እንደሞተ የሚነግራቸው ስላጡ ተቆጡ። አዛዡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ፎቶ አንሳ፣ ይለጠፍ» አሉኝ። ለጠፍኩ። ያን ያህል ምስጋና ገጻችን አይቶ አያውቅም።

ሰዉ ሽማግሌውን ከቦ ሲስም ልጃቸው ለብቻዬ ወደቆምኩበት መጣች። ጠና ያለች ሴት ናት። ሁለቱም ጉንጮቿ በጥፍር ተነጭተዋል፣ ቁስሉ ገና እርጥብ ነው።

«ወንድሜ፣» አለች፣ «ልጄ ስልኩን አሳየኝ። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ታየ ይላል። ያየኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ኔትወርክ ማለት ይቻል ነበር። ኔትወርክ የሁላችንንም ጥፋት ይሸከማል። ግን ጉንጮቿ ፊት ለፊቴ ነበሩ።

«ምሳ ልንበላ ነበር፣» አልኳት። «ከሄዱ ብቻዬን መብላቴ ነው። አንድ ቀን ይቆዩልኝ ብዬ ነው።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ቢሮዬን በበሩ በኩል አየችው፤ ጠረጴዛውን፣ ለሽማግሌው ብዬ ከጎረቤት ክፍል ያመጣሁትን ሁለተኛ ወንበር። ከዚያ ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ጫን አድርጋ ደሙን ያዘችው።

«አንድ ቃል ብትልክልን እኮ፣» አለች፣ «እኛም ምሳ ይዘን መጥተን አብረን እንበላ ነበር።»