የመስጊዱ ጉድጓድና የእኔ ሒሳብ

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ

ድሬዳዋ የሄድኩት ውሃ ለመመርመር ነው። የደቻቱ ወንዝ በክረምቱ ሞልቶ በመጋላ ሰፈር በኩል ወዳሉት ጉድጓዶች ጎርፍ ገብቶ ኖሮ፣ በሰፈሩ ተቅማጥና ትውከት በዛ የሚል ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤታችን ደረሰ። አለቃዬ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ «አንተ ወጣት ነህ፣ ሙቀቱን ትችለዋለህ» አለኝ። ያን ጊዜ ከላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ ደረቴን የነፋሁ ሰው ነበርኩ። ማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ምን ያደርግለታል እያልኩ በየሻይ ቤቱ እከራከር ነበር። የማሸንፈውም አብዛኛውን ጊዜ ጮክ ብዬ ስለምናገር ነው።

በባቡር፣ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርኩ። አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ሣጥን ጠርሙስና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የክሎሪን ዱቄት ይዣለሁ። ቆርቆሮው በደንብ አልተከደነም ኖሮ ሞጆ ሳንደርስ የፉርጎው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምንድን ነው ልጄ ይሄ የሚሸተው?» አሉኝ።

«ጀርም የሚገድል መድኃኒት ነው፣ እናቴ።»

«ጀርሙ የት አለና? እኛን ነው የሚገድለን!» ብለው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አዋሽ ጣቢያ ላይ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በስሙኒ ገዝቼ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ቢጫ፣ ቁጥቋጦው እሾህ፣ ነፋሱ የምድጃ ትንፋሽ ሆነ። ኮቴን አወለቅሁ፤ ሚኤሶ ስንደርስ ክራባቴንም ፈታሁ።

ማክሰኞ፣ ድሬዳዋ

በማግስቱ እኩለ ቀን ገባን። ከጣቢያው ጋሪ ተሳፍሬ፣ በከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር አልፌ፣ የአጎቴ ወዳጅ ጋሽ ተካ ቤት ወረድኩ። ጋሽ ተካ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ናቸው፤ ዘይት ከእጃቸው መስመር ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ቤታቸው ከደቻቱ ዳር ከመጋላ ጋር የተጣበቀ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አሻ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ኑሪያ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት።

ኑሪያ ሣጥኔን ስፈታ በሩ ላይ ቆመች። «አቦ ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ። ማይክሮስኮፑን ደቅኜ ከበርሜል የቀዳሁትን ጠብታ አሳየኋት። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ብዙ ቆየች። «ወላሂ ይሄዳል! እማዬ፣ ውሃው ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ!» እያለች ሮጠች። በመንገዱ ሁሉ ያልተሰማኝ ደስታ ተሰማኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መስጊዱ ሄድኩ። ሰፈሩ የሚጠጣው ከግቢው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የሚጠብቁት ሼህ ኡመር የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በባልዲ አወጡ፤ በእጃቸው ጨለፍ አድርገው አዩ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ።

«መልኩ አልተለወጠም። ሽታው አልተለወጠም። ጣዕሙም ያው ነው» አሉ።

«ጀርም እኮ አይሸትም፣ ሼህ።»

«እንግዲያ መርምር። ስለ ጉድጓዱ የምትጠይቀኝ ነገር የለም?»

«ገመድና ሜትር ይዣለሁ፤ አይቸገሩ» አልኩ። የአፉን ስፋት ለካሁ፣ ገመድ ጥዬ የውሃውን ጥልቀት ለካሁ፣ ጠርሙሴን ሞልቼ ሄድኩ።

ሐሙስ

ውጤቱ ደረሰ። ኩልል ያለው ውሃ በሰገራ ጀርም የተሞላ ነበር። እውነት እላለሁ፣ ደስ አለኝ። ሕዝብ ታሞ ደስ ማለት ነውር መሆኑ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ስፋቱን በጥልቀቱ አባዝቼ፣ ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ላይ የክሎሪኑን ልክ አወጣሁ።

መስጊዱ ስደርስ ሼህ ኡመር ለቀብር ወጥተዋል። የግቢው ዘበኛ «ይጠብቋቸው እንጂ» ቢለኝ፣ ባለማኅተሙን ወረቀቴን አሳይቼ አፉን አስያዝኩትና ዱቄቱን በጥብጬ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋሁት።

ዓርብ

የዓርብ ስግደት ነበርና ሰው ለዉዱ፣ ማለትም ከስግደት በፊት ለሚታጠቡት መታጠብ፣ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ሰው ውሃውን ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰው። ሁለተኛውም መለሰው። ሼህ ኡመር መጥተው አሸተቱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ባልዲውን መሬት ላይ ደፉት።

«ይህ ነገር ውሃ መባሉ ቀርቷል። በዚህ ዉዱ አይደረግም» አሉ።

በዚያ ሰፈር ደግሞ ዉዱ የማይደረግበትን ውሃ ማንም አይጠጣም፤ ይህን ማንም የጻፈው ሕግ የለም፣ ልማዳቸው ነው። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ደቻቱ ወረዱ። ጎርፉ ከሄደ በኋላ አሸዋውን በእጅ ሲጭሩት ውሃ ያመነጫል፤ እሱን በጣሳ መጭለፍ ጀመሩ።

ደሜ ፈላ። መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጮህኩ። «በዚህ በሳይንስ ዘመን በአፍንጫችሁ ትኖራላችሁ! ንጹሁን ትታችሁ ቆሻሻውን የምትጠጡ! ልጆቻችሁን የሚገድለው በሽታ አይደለም፣ ሃይማኖታችሁ ነው!» አማርኛው ያልገባቸው እንዳይቀርባቸው አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላው በሱማልኛ እያስከተለ ተረጎመው። በሕዝቡ መካከል አሻ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። አየችኝና ሻሿን ወደፊት ስባ ሄደች።

ጋሽ ተካ ሰምተው ኖሮ የጾም ሽሯቸውን እየበሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

«እርስዎም ይታዘቡኛል?» አልኳቸው።

«እኔ ሞተር የምፈታው በመፍቻ ነው፣ በጸሎት አይደለም። ከመፍታቴ በፊት ግን አማትባለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስሠራ ሁለቱ ተጣልተውብኝ አያውቁም። አንተ ዛሬ የሰውን እናት እንደ መስደብ ነው ያደረግከው።»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት!»

«እንግዲያ እውነትህን ብላዋ!» ብለው እንጀራውን ወደ እኔ ገፉልኝ።

ቅዳሜና እሑድ

ጉድጓዱ በመንግሥት ትእዛዝ እንዲታሸግ፣ ለሰፈሩም በግድ በበርሜል ውሃ እንዲታደል የሚጠይቅ ደብዳቤ አረቀቅሁ። ከደቻቱ አሸዋ ውስጥም ውሃ ቀድቼ ለምርመራ አስቀመጥኩ። ቀፊራ ወጥቼ ማንጎ ብጠይቅ ባለማንጎዋ ዘይቱን የምትሸጠዋን ጎረቤቷን ማጫወት ቀጠለች፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ትቼው ሄድኩ። ከዚራ ጥላው ሥር ተቀምጬ ፉል በላሁ። ኑሪያ በሁለቱም ቀን አልመጣችም። አኩርፋለች አልኩ።

ሰኞ

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጋሽ ተካ በሥራ ልብሳቸው መጥተው ቆሙ። «የአሻ ልጅ ከቅዳሜ ጀምሮ ታማለች አሉ። ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል።»

«ከቅዳሜ! አንድ ግድግዳ ነው እኮ መካከላችን! ለምን አልነገረችኝም?»

«ምን ብላ ትንገርህ?» አሉኝ።

ስገባ ኑሪያ ሰሌን ላይ ተኝታለች። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ ባደርገው አልመለስ አለ። ወጥቼ ጋሪ አስቆምኩ፤ ባለጋሪው ፈረሱን እየገረፈ ወደ ሆስፒታል ወሰደን። አሻ ልጇን ታቅፋለች። የደቻቱን ድልድይ ስናልፍ «ለምን ቅዳሜ አላመጣሽልኝም?» አልኳት፤ ድምፄ ቁጣ ነበረው።

«ሰድበኸን እንዴት ልምጣ፣ ሐኪም?» አለችኝ። «ልጆቻችሁን የምትገድሉት እናንተ ናችሁ አልክ። ታማለች ብዬ ብመጣ፣ ይኸው አላልኳችሁም ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

 እንደዚያ ማለቴ እንደማይቀር አውቀዋለሁ።

ሆስፒታሉ ወዲያው ተቀብሎ ግሉኮስ ሰቀለላት። ከሰዓት በኋላ ሼህ ኡመር ሊጠይቋት መጡ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስንት ባልዲ ውሃ ነው ብለህ ነው ያን ያህል መድኃኒት የጨመርከው?»

ማስታወሻዬን አውጥቼ በባልዲ መነዘርኩላቸው። ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ባልዲ ይበልጣል።

ሼሁ አልሳቁም። «እኛ በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱን አውጥተን አውጥተን እናጸዳለን። ወጣቶቹ ባልዲውን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ እኔ በገመዱ ላይ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። አሁን ባለበት ልክ አራት መቶ ባልዲ ቢሆን ነው። ጉድጓዱ ከላይ ሰፊ ነው፤ ከሁለት ክንድ በታች ዐለት ስለሆነ ይጠባል። አባቴ ወርዶ ነው የቆፈረው።»

እርሳሴን ይዤ ደጋግሜ አሰላሁ። ሦስት እጥፍ። ሰዎቹ ያሸተቱት አጉል እምነታቸውን አልነበረም፤ የእኔን ስህተት ነበር። መጽሐፌ ላይም ሽታው ሲበዛ ሰው ይሸሻል ተብሎ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ።

«ልኩን ብጨምር ኖሮስ ትቀበሉት ነበር?» አልኳቸው።

«ሽታው ጥቂት ከሆነ የውሃን ስም አይወስድበትም፤ ኪታባችን ይፈቅዳል። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉኝ።

ማክሰኞ

ኑሪያ ጠዋት አረፈች። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ተቀበረች። ከደቻቱ አሸዋ ቀድቼ ያስቀመጥኩት ጠርሙስ ደግሞ ያን ዕለት ውጤቱን ሰጠ፤ ከጉድጓዱ ይብስ ነበር። ያንን ውሃ ወደ ቤቷ ያስገባው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

ሄጄ ለአሻ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስት እጥፍ ማድረጌን፣ እነሱን ወደ አሸዋው የገፋኋቸው እኔ መሆኔን። ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፊቷን በሻሿ ጠራርጋ «የአላህ ነበረች። እሱ ሰጠኝ፣ እሱ ወሰዳት። አብሽር» አለችኝ። እኔን አጽናናችኝ!

ውጭ ስወጣ አፌ ውስጥ ያለውን ምሬት ሼህ ኡመር ላይ ተፋሁት። «አላህ አይደለም የወሰዳት! እኔ ነኝ! ይሄንን ነው እኔ ማክበር የማልችለው!»

ትከሻዬን ያዙኝ። «የሷን አባባል ለሷ ተወው፤ እሱ ነው የሚያቆማት። አንተ ግን ከኋላዋ እንዳትደበቅ። አላህ ወሰዳት ብለህ የራስህን ድርሻ እንዳትጥል። መንግሥት የላከህ ልትጽፍ አይደል? ጻፈው።»

ካለቀስኩ ዓመታት አልፈው ነበር። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ዓርብ

ከረቡዕ እስከ ሐሙስ ጉድጓዱን ባዶ አደረግነው። እኔም ተራዬን ገመድ ስቤ መዳፌ ተላጠ። ሲቆጥሩ በኦሮምኛ ይጀምሩና ሲደክማቸው በአማርኛ ይጨርሳሉ። አራት መቶ ስድስት ባልዲ። ውሃው ተመልሶ ሲመነጭ ቋጠሮውን ቆጥረን ክሎሪኑን በልኩ ጨመርን፤ ሌሊቱን አደረ።

ጠዋት በጠርሙስ ቀድቼ የመፈተሻውን ጠብታ ስጨምርበት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ፤ መጽሐፉ የሚለው ልክ ነው። ሼህ ኡመር አሸተቱ፣ ቀመሱ። «ጥቂት ነው» አሉ።

ከስግደቱ በፊት ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ጋሽ ተካ ደጅ ቆመው ከኦሮምኛው ተረጎሙልኝ። «እኔ ይህን ውሃ ቀምሼ ንጹህ ነው ብያችሁ ነበር። የልጆቻችሁ ሕመም የሚለው ግን ሌላ ነው። ዓይኔና ምላሴ ያላገኙትን ይህ እንግዳ አግኝቶታል። እሱም ተሳስቷል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ዛሬ ልኩ ነው፤ ጠጡ» አሉና ቀድመው ጠጡ። ሰዎቹ ለዉዱ ተሰለፉ። አሻ ባልዲዋን ሞልታ በአጠገቤ ስታልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ።

አዲስ አበባ

ቅዳሜ ተሳፍሬ እሑድ ገባሁ፤ ሰኞ ሪፖርቴን አቀረብኩ። ጉድጓዱ እንዴት እንደዳነ፣ ክሎሪኑ ስንት እንደሆነ፣ በየሳምንቱ እንዴት እንደሚለካ ጽፌያለሁ። በመጨረሻውም አንቀጽ ስህተቴንና ስድቤን፣ የኑሪያንም ስም ጽፌያለሁ። አለቃዬ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን የመጨረሻውን አውጣው። ሕዝቡ በአጉል እምነት ምክንያት መድኃኒቱን አልቀበልም አለ በል፤ ሁሉም የሚጽፈው እንደሱ ነው።»

«ሒሳቡን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ምን ነካህ? ወይስ ሰላት ጀመርክ?» ብሎ ሳቀ። «አንተ አይደለህም እንዴ በሳይንስ ዘመን ሃይማኖት ክብር አይገባውም እያልክ የምታደርቀን?»

እኔ ያኔም አልሰገድኩም፣ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን አልሳለምም። ጀርም በጸሎት ይሞታል ብዬም አላምንም።

«ስለ ሃይማኖት አላውቅም» አልኩት። «ለአሻ ግን ክብር ይገባት ነበር። ዓርብ ዕለት ብሰጣት ኖሮ ቅዳሜ ልጇን ታመጣልኝ ነበር።»