ቅሬ ያስወጣው ሳይክል

ልጄ ሳይክሉን ስትተውልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር ቃል ያስገባችኝ። «እማ፣ አንድ ቀን ከወደቅሽ በቃ፣ ለሰው እሰጠዋለሁ» አለች። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ከመኪናም ከውሻም ይልቅ የምፈራው መውደቅን ሆነ። ለአጥንቴ ብዬ አይደለም፤ ሳይክሉን እንዳላጣው ነው።

ሳይክሉ የመጣው በካርጎ ነው። ልጄ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ልትመለስ ስትል፣ አሠሪዎቿ ሊጥሉት ያወጡትን ከብርድ ልብስና ከድስት ጋር አሽጋ ላከችው። ሐሳቧ ውጫሌ ገበያ ወስዳ ልትሸጠው ነበር። ከፊቱ ቅርጫት አለው፤ መሐሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀሚስ ለለበሰ ሰው ይመቻል። ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ሳለ አንድ ቀን ዳበስኩት፣ በነጋታው ተቀመጥኩበት። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ከጓደኞቼ ጋር እየተከራየን ሜዳ ላይ እንነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ፤ ሳይክል የሚባል ነገር ከሐሳቤ ወጣ። ሰውነቴ ግን አልረሳውም ነበር።

በእግሬ ስሄድ ጉልበቴን ያመኛል፤ ሳይክል ላይ አያመኝም። ሐኪሙም እግርዎን ያንቀሳቅሱ ብሎኝ ስለነበር ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይሄው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የምነዳው ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሱብሒ ሰግጄ ሰማዩ ሲገልጥ፣ የቀሚሴን ጠርዝ በልብስ መቆንጠጫ ሰብስቤ እወጣለሁ። የሰፈራችን ኮብልስቶን ጥርስ ያንገጫግጫል። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ወርጄ ሲኖትራኩን አሳልፌ እሻገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ነው፤ ፔዳል ሳልመታ ብዙ ያስኬደኛል። ስመለስ ዳገቱን እየገፋሁት እወጣለሁ።

ያንን መንገድ በየወሩ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። መስከረም ላይ ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል፤ አስፋልቱ ጋ ቆሜ ስጠብቅ ወደ ግሸን የሚሄዱ ተሳላሚዎች ከአውቶቡስ መስኮት እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። ማሽላው ሲታጨድ አገዳ የተጫነች አህያ መንገዱን ሞልታ ትመጣለች፤ ደወል ብትሰማም ግድ የላትም፤ እኔ ነኝ ወደ ዳር የምወጣው። በታኅሣሥ ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ይደነዝዛሉ፤ ሐይቁ እንደሚፈላ ውሃ ይጨሳል፤ ከጭሱ ውስጥ የአሣ አጥማጆቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የበልግ ጭቃ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሐል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ በእንጨት እየፋቅሁ እሄዳለሁ። ግንቦት አቧራው ቅንድቤን ያነጣዋል። አንዱንም አልጠላሁትም።

የሚያሾፉብኝ አልጠፉም። ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስበን ዱአ የምናደርግ አሮጊቶች አለን፤ ዱበርቲ ይሉናል። ከመሐላቸው አንዷ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው፣ አንድ ረቡዕ ሳይክሌን በር ላይ ሳቆም ጠብቃ «አንቺ ሴት፣ ጀነትም በዚሁ ልትገቢ ነው?» አለችኝ።

«እናንተ በእግር እስክትደርሱ ቦታ ልያዝላችሁ ብዬ ነው» አልኳት። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልነካኩኝም።

ያ የነሐሴ ጠዋት ሲነጋ አባርቶ ነበር። ልጄ ተኝታ ስለነበር ሳልነግራት ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ስደርስ ካቴናው ወልቆ ተቀረቀረ። ሳይክሉን ከዛፍ አስደገፍኩና ልፈታው ታገልኩ፤ አልሆነም። እጄ በግራሶ፣ እግሬ በጭቃ ተለውሶ ስለነበር የላስቲክ ጫማዬን አውልቄ ከጎማው ሥር አስቀመጥኩና ውሃው ዳር ወርጄ ተለቃለቅኩ። በረዶው የመጣው ይሄኔ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ጀርባዬን ሲወግረኝ ጫማም ስልክም ትዝ አላለኝም፤ ሻርፔን ራሴ ላይ ደርቤ ከበቆሎው ማሳ በላይ ወደሚታየው ቤት በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

የቤቱ ባለቤት አንዲት ወጣት እናት ናት። ከዚያ በፊት አንተዋወቅም። እሳት ዳር አስቀመጠችኝ፣ የበቆሎ እሸት ጠበሰችልኝ፣ ደረቅ ጋቢ አለበሰችኝ። በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ ዝናቡ አላቆም አለ። ሙቀቱ አሸነፈኝና ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በቅሬ ጥሪ ነው። ቅሬያችን እንደ እድር ነው፤ ሰው ሲሞት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን ሁሉ የሚያሰባስብ ነው። ጠሪው ከጉብታው ላይ ሆኖ ድምፁን ሲለቅ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ ከታመመ በቀር የሚቀር የለም። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ጥሪው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ የሟቹ ስም ግን አልተለየኝም። «ኢንና ሊላሂ» ብዬ ተነሳሁ። ሰው ሞቶ እንዴት እተኛለሁ? ከሴትየዋ ነጠላ ጫማ ተውሼ፣ ሳይክሌን በኋላ እወስደዋለሁ ብዬ፣ በአቋራጩ ወደ ከተማ ወጣሁ።

ዳገቱ ላይ ከማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ጋር ተገናኘሁ። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው እየተጣደፉ ነው።

«ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«አንዲት አሮጊት ሐይቅ ገባች አሉ።»

«ምስኪን! ምን ልትሠራ ወረደች?»

«በሳይክል ነው አሉ እህቴ» አለች አንዷ። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ የዘንድሮ አሮጊት!»

እግሬ ቆመ። ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ሴቶቹ ደክሟት ነው ብለው አልፈውኝ ሄዱ። እኔ ግን ደርሼ አለፍኳቸው፤ የጉልበቴን ሕመም ያን ቀን አላስታውሰውም።

የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። ልጄ ስትነሳ አጥታኝ ትደውላለች። ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቅርጫቱ ውስጥ ነው። በዚያ ሲያልፍ የሰማ አሣ አጥማጅ አንስቶ «የሳይክሉ ባለቤት የለችም። ጫማዋ ብቻ ነው ውሃው ዳር ያለው» ይላታል። ሌላ ማንም ቢሆን ምን ያስባል? ታንኳ ወጣ፤ ሳይክሉን በባጃጅ አመጡት፤ ጠሪው ጉብታው ላይ ወጣ።

ደጃፌ ስደርስ ወንዶች ድንኳን እየወጠሩ ነበር። መጀመሪያ ያየኝ የድንኳኑን ካስማ የያዘው ጎረቤቴ ነው፤ ካስማውን ለቀቀው፣ ድንኳኑ ባልደረቦቹ ላይ ወረደ። ከሴቶቹ መሐል ለቅሶው ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ልጄ ወደ እኔ መጣች። አላቀፈችኝም። ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ካቴናው ነው የወለቀው።»

ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በቅሬያችን ደንብ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ባዶውን አይበተንም። የቅሬው ዳኛ፣ ነጭ ጺም ያላቸው አዛውንት፣ «ለቀብር ወጥተን ነበር፤ ለዕድሜዋ ዱአ አድርገን እንግባ» አሉ። ሁሉም እጁን ዘረጋ። ለእኔ የሚለቀስበት ቦታ ላይ ተቀምጬ «አሚን» አልኩ።

ዱአው ሲያልቅ ልጄ ቆመች። «አባባ፣ ይሄን ሳይክል ቅሬው ይውሰድልኝ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስልክ አልሰማም» አለች።

ቃላችን «ከወደቅሽ» የሚል ነበር፤ እኔ አልወደቅኩም። ግን ያን ሰዓት እሷን እንዲህ ብሎ መከራከር አይሆንልኝም። ግድግዳውን የተደገፈውን ሳይክል አየሁት፤ ካቴናው ተንዘላዝሏል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ ዳኛው።

«አልወደቅኩም» አልኩ።

ያቺ ሚጥሚጣ ጓደኛዬ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። «ከእኛ ውስጥ ሰው ሳትደገፍ ከመሬት የምትነሳ እሷ ብቻ ናት። ተዉላት» አለች።

«እኔ የማዝነው ለጉሮሮዬ ነው» አለ ጠሪው። ድምፁ እውነትም ሰልሏል። «ቤቴ መንገዷ ላይ ነው። ስትወርድም ስትመለስም ደጄ ላይ ደወሏን ትምታልኝ። የመልሱን ደወል ካጣሁ ያኔ እጣራለሁ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ወደ ልጄ ዞሩ። «ይበቃሻል?»

«ዝናብ ካለ አትወጣም» አለች።

«ካፊያ ከሆነስ?» አልኩ።

«እማ!»

«እሺ።»

ካቴናውን በማግስቱ ራሷ ናት ያስጠገነችው። ለወጣቷ እናት ጋቢዋንና ጫማዋን ስመልስ፣ እኔም ለቅሶ ደርሼ ነበር ብላ ሳቀች፤ የማን እንደሆነ ሳታውቅ ጥሪውን ሰምታ ከእኔ ኋላ ወጥታ ኖሯል።

አሁን መስከረም ነው። ጠሪው ደጅ ስደርስ ደወሌን እመታለሁ፤ ከውስጥ ሆኖ «ሂጂ!» ይለኛል። ስመለስ ደግሞ እመታለሁ፤ «ገባሽ? አልሐምዱሊላህ» ይላል። የደወሉ ድምፅ እኛም ቤት ይደርሳል። ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቅና ሁለተኛውን ስትሰማ ወደ ውስጥ ትገባለች። ያላየኋት መስዬ ነው የምገባው።