ስምንት መቶ እርምጃ
ባሌ በዓመት አንድ ወር የእኔ አልነበረም። የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ተማሪዎቹን ይዞ ያንን የሚያፍን ሞቃት ደን ይገባል፣ ኮምፓስ ማንበብ፣ ወንዝ መለካት፣ በእግር እየቆጠሩ ርቀት ማወቅ ሊያስተምራቸው። «ጋሼ እርምጃ» ይሉታል። እኔ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት ካርታ ክፍል ቁጭ ብዬ እሱ ለክቶ ያመጣውን እስላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሳልኩትን ደን አንድ ቀን አላየሁትም። «ውሰደኝ» ስለው፣ «ዘንድሮ ጭቃው አይጣል ነው፣ ለከርሞ» ይለኛል። ከርሞን ሳያይ ሞተ።

ደኑ ውስጥ ያገኛት አንዲት ምንጭ ነበረች። ሥራ ሲጨርስ ብቻውን እዚያ ይቀመጣል፤ ተመልሶ ስለሷ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። በምንጭ እቀና ነበር ብል ማን ያምነኛል? ከሞተ በኋላ ግን እሷን ሳላይ ብሞት ዓይኔ አይከደንም አልኩ። በእሱ ቦታ የተተካችው መምህርት የድሮ ተማሪው ናት። «እትዬ፣ ዘንድሮ ከእኛ ጋር ነዎት» አለችኝ።

የማስታወሻ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። «ከወንዙ መሻገሪያ ቀጥታ ወደ ምሥራቅ፣ ስምንት መቶ እርምጃ፣ ምንጭ፤ አጠገቧ ነጭ ድንጋይ» ይላል። ቅጠሉ ሰማዩን ስለከደነው ጂፒኤሱ እንቢ አለ።

«የጋሼ አንድ እርምጃ ስንት ነበር?» አለች መምህርቷ። የትም አልጻፈውም። የገዛ እግሩን የት ይጽፈዋል!

«እኔ አውቃለሁ» አልኳት። «ጠዋት ማታ አብረን ነበር ሥራ የምንመላለሰው። እሱ ሁለት ሲራመድ እኔ ሦስት ነኝ። ‹ምን ያስሮጥሃል፣ እሳት ልታጠፋ ነው?› ብዬ ያልጮህኩበት ቀን የለም።»

እንግዲህ በእኔ እግር አንድ ሺህ ሁለት መቶ መሆኑ ነው። ከመሻገሪያው ተነሣን፤ እሷ ኮምፓሷን ይዛ ከፊት፣ እኔ እየቆጠርኩ ከኋላ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀር ይጎትተኛል፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብዬ ቆምኩ።

ምንም የለም። ቅጠል ብቻ። ጉድ እኮ ነው! ባሌን ሳላውቀው ነው የኖርኩት? እንባዬ መጣ።

«ትንሽ እንቀጥል» አለችኝ። ሁለት መቶ ያህል ጨመርን፤ ነጩ ድንጋይ ብቅ አለ፣ ምንጯም ከሥሩ።

«ይገርማል» አለች መምህርቷ። «ጭቃ ላይ የእርስዎም የጋሼም እርምጃ እኩል ያጥራል እንጂ የአንዱ ብቻ አይረዝምም። ጋሼ ከከተማው አስፋልት ይልቅ እዚህ ይረዝምላቸው ነበር?»

እኔ ግን ገባኝ። እዚህ ብቻውን ነበር። ከእኔ ጋር ሲሄድ ይቀንስልኝ ነበር ለካ! ሃያ ስድስት ዓመት ስጮህበት አንድ ቀን «እየጠበቅኩሽ ነው» አላለኝም። ሞኝ! ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በቀበርኩት ዕለት እንኳ እንደዚያ አልናፈቀኝም።

ስንመለስ መምህርቷ እጄን ያዘችና «በእርስዎ ልክ እራመዳለሁ» አለችኝ።

«ተዪኝ ልጄ፣ አንቺ በራስሽ ልክ ሂጂ» አልኳት።