የእናቴ ስም በበራችን ላይ

ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራ የሐበሻ ምግብ ቤት ማስታወቂያ አየሁና ቆምኩ። ፊደሎቹ ወፋፍራም ናቸው፤ የሚጨፍሩ ይመስላሉ። ልጅ ሆኜ እዚሁ ከተማ ዴም በሚባለው ሰፈር ስንኖር፣ እንዲህ ያለውን በእጃቸው የሚጽፉ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን።

እናቴ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ ባዶ ክፍል ነው። አንድ ቀን ጋሽ ሰይድን የእናቴን ስም በራችን ላይ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው።

«ቀጭን ፊደል ለደብዳቤ ነው» አሉኝ፣ ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ እየነከሩ። «በር ላይ የሚጻፍ ግን ሆዱ የሞላ፣ የሚስቅ መሆን አለበት። ከሩቅ ያየው ሁሉ ግባ የተባለ ይምሰለው።»

«ሀ»ን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አሳበጧት። የ«ራ»ን እግር ለጭፈራ እንደተነሳ ሰው ወደ ላይ ቀለበሱት።

ጁምዓ እናቴ መጣች። ማንበብ አትችልም።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ዘሀራ ነው የሚለው። ስምሽ ነው፣ እማ።»

አጥንቷ በወጣ እጇ ፊደሎቹን ዳሰሰችና ሳቀች። «እኔ እኮ እንዲህ ወፍሬ አላውቅም!»

አመሻሹ ላይ «ያላ፣ ግቢና በርሽን ዝጊ» ብላኝ ወደ ባሕሪ የሚመለሰውን አውቶቡስ፣ ሀፍላውን፣ ልትሳፈር ሄደች። እኔ ግን ውጭ ቀረሁ። ስሟን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት።

ጋሽ ሰይድም እናቴም ዛሬ የሉም። ያንን ክፍል ሌሎች ሰዎች ተከራይተውታል። በሩን ቀለም ቀብተውት እንደሆነ ሄጄ አላየሁም።